ፈሊጡን ለጆሮ፣ ግልጹን ለአፍ



እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 ምሽት የኮሎምቢያው አየር መንገድ የአቪያንካ ቦይንግ 707 አውሮፕላን ከቦጎታ ተነሥቶ፣ ሜደሊን ላይ አርፎ፣ ወደ ኒው ዮርክ ተቃርቦ ነበር። የአየሩ ጠባይ ክፉ ነው፤ የኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያም ተጨናንቋል። የበረራ ተቆጣጣሪዎች አውሮፕላኑን በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ሰማይ ላይ እየዞረ እንዲጠብቅ አደረጉት፤ ጥበቃው ሲደመር 1 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ሆነ። ነዳጁ እየተሟጠጠ መሆኑን አብራሪዎቹ ያውቃሉ። ሬዲዮኑን የያዘው ረዳት አብራሪ «ፕራዮሪቲ» የሚያስፈልገን ይመስለኛል አለ፤ ቅድሚያ ማለቱ ነው። «ኢመርጀንሲ» የሚለው ቃል ግን ከአፉ አልወጣም።

ለማረፍ የተደረገው የመጀመሪያ ሙከራ ሳይሳካ ቀረ። ካፒቴኑ አስቸኳይ አደጋ ላይ መሆናችንን ንገራቸው ብሎ አዘዘ። ረዳቱ ግን የተሰጠውን የበረራ አቅጣጫ መልሶ ካረጋገጠ በኋላ፣ በንግግሩ መጨረሻ ላይ፣ ነዳጅ እያለቀብን ነው የሚል ሐረግ ጨመረበት። ቀጥሎ ከመሬት ጥያቄ መጣ፤ 15 ማይል ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወስጄ ልመልሳችሁ ነው፣ ይህ ለእናንተም ለነዳጃችሁም ይስማማል ወይ? የተሰጠው መልስ «አይ ጌስ ሶ፣ ታንክ ዩ ቬሪ ማች» የሚል ነበር። ይመስለኛል፣ በጣም አመሰግናለሁ። ብዙም ሳይቆይ ሞተሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ፤ አውሮፕላኑም ሎንግ አይላንድ ውስጥ ኮቭ ኔክ በተባለ መንደር ወደቀ። ከተሳፈሩት 158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ።

የዚያ ምሽት እንግሊዝኛ ሰዋስዉ የተበላሸ አልነበረም። ለስላሳና ጨዋ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ቢነገር አራሚ አይነሣበትም። ያስጎዳውም ይኸው ለስላሳነቱ ነው። «አይ ጌስ ሶ» በሻይ ሰዓት ቢባል ምንም አይደል፤ ነዳጅ ካለቀበት አውሮፕላን ውስጥ ሲሰማ ግን መሬት ላይ ያለው ሰው «ደኅና ናቸው» ብሎ ወደሚቀጥለው በረራ እንዲያልፍ ያደርገዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ዋናውን ጥፋት ያገኘው ሠራተኞቹ ነዳጁን በአግባቡ አለመቆጣጠራቸውና አደጋ ላይ መሆናቸውን ነዳጁ ሳያልቅ አለማሳወቃቸው ላይ ነው። የነዳጅ እጥረትን ደረጃ በደረጃ የሚገልጽ፣ አብራሪውም ተቆጣጣሪውም እኩል የሚረዱት ወጥ አነጋገር አለመኖሩንም ከአባባሽ ምክንያቶች ቆጥሮታል።

ለሥራ የሚጠቅሙ የእንግሊዝኛ ፈሊጦችን ስለመማር የሚናገር ዲስኩር በአውሮፕላን አደጋ መጀመሩ ያለ ምክንያት አይደለም። በየመጻሕፍት መደብሩና በየስልኩ የሚገኘው ትምህርት ሁሉ ፈሊጥን ለአፍ ማሳመሪያ ያቀርበዋል፤ መቶውን ሸምድድ፣ እንደ እንግሊዝ ትናገራለህ ይላል። ይህ ዲስኩር የሚሟገተው ለተቃራኒው ነው። ፈሊጥ መማር የግድ ነው፤ መጀመሪያ ግን ሌላው ሲናገር ለመረዳት ነው። የራስን ጉዳይ ለመናገር ግልጹ ቃል ይቅደም።

ለጆሮ የግድ የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ከ1963 ጀምሮ ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ በኋላም የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት። ኤምባሲው፣ የርዳታ ድርጅቱ፣ አየር መንገዱ፣ ከቤቱ ሆኖ ለውጭ ኩባንያ የሚሠራው የኮምፒውተር ባለሙያ ውሎው በእንግሊዝኛ ነው። ሆኖም ክፍል ውስጥ የተማረው እንግሊዝኛ የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው። በጥሩ ውጤት የተመረቀ ወጣት የመጀመሪያ የዙም ስብሰባው ላይ ተቀምጦ «ሌትስ ቴክ ዚስ ኦፍላይን» ሲባል ይሰማል። ቃላቱን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል፤ የተባለውን ግን አላወቀም። ኢንተርኔቱ ሊዘጋ ይሆን ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። የተባለው፣ ይህን ጉዳይ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አናንሣው፣ በኋላ የሚመለከተን ብቻ እንነጋገርበት ነው።

እንዲህ ያሉት ጥቂቶች አይደሉም። «ኪፕ ሚ ኢን ዘ ሉፕ» ያለ አለቃ አዲስ ነገር ሲኖር እንዳትዘለኝ፣ በኢሜይሉም ስሜን አትርሳ ማለቱ ነው። «ጀስት ኤ ሄድስ አፕ» ቅድመ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ነገ የሚመጣውን ዛሬ ላሳውቅህ እንደ ማለት። «ማይ ፕሌት ኢዝ ፉል» ያለ ባልደረባ ተጨማሪ ሥራ አትስጡኝ እያለ ነው። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው «አይ ሂር ዩ» ነው። ሰምቼሃለሁ ማለት ብቻ ነው፤ ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ተከትሎት የሚመጣው «በት»፣ ማለትም «ግን»፣ ነው። ጥያቄዬ ተፈቀደ ብሎ ከአለቃው ቢሮ የወጣ ሠራተኛ ለሳምንታት ያልተፈቀደለትን ሲጠብቅ ሊከርም ይችላል። «ፐር ማይ ላስት ኢሜይል» ደግሞ ሲያዩት «ባለፈው እንደ ጻፍሁት» የሚል ተራ ሐረግ ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ግን ያኔ አላነበብከውም የሚል ወቀሳ ይሰማበታል። ትርጉሙን ብቻ ሸምድዶ ለበላይ ኃላፊ የጻፈው ሰው ሳያውቀው ሰው አስቀይሟል።

አማርኛ ተናጋሪ ለፈሊጥ እንግዳ አይደለም። አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ «የአማርኛ ፈሊጦች» ብለው አንድ ሙሉ መጽሐፍ ያዘጋጁት ቋንቋው በፈሊጥ የተሞላ ስለሆነ ነው። እጅ አጠረው፣ ሆዱ ባባ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ፣ ወገቡን ታጥቆ ተነሣ የሚሉትን ማንም ቃል በቃል አይፈታቸውም። አንዳንዱ ከእንግሊዝኛው ጋር እስከ ቃሉ ይገጥማል፤ «ማይ ሃንድስ አር ታይድ» ያለው እንግሊዝና «እጄ ታስሯል» ያለው የአዲስ አበባ ጸሐፊ አንድ ነገር ተናግረዋል። እንዲህ ያሉትን መጀመሪያ መያዝ ይቀላል። አብዛኛው ግን አይገጥምም። ሥራ ለበዛበት ባልደረባ «አይዞህ» ለማለት የፈለገ ሰው በእንግሊዝኛ አንድ ቃል አያገኝለትም፤ «ሃንግ ኢን ዜር» ይቀርበዋል፣ «ሌት ሚ ኖው ኢፍ አይ ካን ሄልፕ» ደግሞ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ማስታወስ ለሚቸገር ሰው አንድ የተፈተነ መንገድ አለ። ቤልጅጋዊው የቋንቋ ተመራማሪ ፍራንክ ቦርስና ባልደረቦቻቸው በጥናት እንዳሳዩት፣ የፈሊጡን ምንጭ የተማሩ ተማሪዎች ትርጉሙን ብቻ ከሸመደዱት ይልቅ ያስታውሱታል። ምንጮቹም ቢሆኑ የዋዛ አይደሉም። የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ፣ በተለይ የአሜሪካኖቹ፣ ብዙ ፈሊጥ ከቤዝቦል ሜዳ ወስዷል። «ቦልፓርክ ፊገር» ግምታዊ አኃዝ ነው፤ ቦልፓርክ የቤዝቦሉ ሜዳ ነው፣ ቁጥሩ በትክክል ባይታወቅም ከሜዳው አልወጣም እንደ ማለት። «ቴክ ኤ ሬይን ቼክ» የመጣው ዝናብ ጨዋታ ሲያቋርጥ ተመልካቹ ሌላ ቀን እንዲመለስበት ከሚሰጠው ትኬት ነው፤ ዛሬ አልችልም፣ ሌላ ቀን ይሁንልኝ ማለት ሆነ። ከመርከብ የመጡትም ብዙ ናቸው፦ ሥራ መልመድን «ለርኒንግ ዘ ሮፕስ» የሚሉት አዲሱ መርከበኛ መጀመሪያ የሸራውን ገመዶች ስለሚማር ነው። ከሒሳብ መዝገብ «ቦተም ላይን» መጣ፤ ትርፍና ኪሳራው የሚታወቅበት የመጨረሻው መስመር። «ሬድ ቴፕ» የእንግሊዝ መንግሥት ሰነዶች ይታሰሩበት የነበረው ቀይ ጥብጣብ ነው፤ የቢሮክራሲ ውጣ ውረድ ያየ ሰው ይህን አንዴ ከሰማ አይረሳውም። ዛሬ አማርኛችን ውስጥ ገብቶ የከረመው «ዴድላይን» እንኳ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የእስር ካምፖች ጋር የተያያዘ ነው፤ እስረኛ ካለፈው በጥይት የሚመታበት መስመር ነበር። ከጋዜጠኞች ዘንድ ደርሶ የጊዜ ገደብ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግሊዝኛ ደግሞ አንድ አይደለም። ዊንስተን ቸርችል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታሪካቸው ላይ እንደ ጻፉት፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ የጦር አዛዦች በአንድ ሰነድ የተነሣ ረጅምና መራራ ክርክር ገጥመዋል። እንግሊዞቹ ሰነዱ «ቴብል» ይደረግ አሉ፤ አሁኑኑ ይቅረብና እንወያይበት ማለታቸው ነው። አሜሪካኖቹ በዚያው ቃል ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ ማለትን ነበር የሚረዱት። ሁለቱም ወገን የሚፈልገው አንድ ነገር ሆኖ ሳለ ተከራከሩ። ዛሬ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሰው አብረው በሚቀመጡበት በማንኛውም የአዲስ አበባ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው «ቴብልድ» የሚለውን ቃል ሳይጠይቅ መጻፍ የለበትም።

በኮሪያ ጦርነት የሆነው የከፋ ነው። በኤፕሪል 1951 በኢምጂን ወንዝ ላይ የእንግሊዝ 29ኛ ብርጌድ በቻይና ጦር ተጥለቀለቀ። ብዙ ጊዜ እንደሚተረከው፣ የብርጌዱ አዛዥ ብሪጋዴር ቶም ብሮዲ ለአሜሪካዊው የበላይ አዛዥ ሁኔታውን ሲያስረዱ ነገሩ «ኤ ቢት ስቲኪ» ነው አሉ። በእንግሊዝ መኮንን አንደበት ይህ ሊያልቅልን ነው ማለት ነው፤ እንግሊዞች ነገር ሲከፋ ቃላቸውን ያለዝባሉ። አሜሪካዊው ግን ትንሽ አስቸጋሪ እንጂ የሚያሰጋ አልመሰላቸውም። ከብርጌዱ አንዱ የሆነው የግሎስተር ሻለቃ ኮረብታ ላይ ተከቦ ቀረ፤ ከ500 በላይ ወታደሮቹ ተማረኩ። ለመሸነፉ ቻይናውያኑ በቁጥር እጅግ መብለጣቸው ዋናው ምክንያት ነው፤ የአነጋገሩ ታሪክ ግን እስከ ዛሬ ይነገራል። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ በሜይ መጀመሪያ፣ የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ ፑሳን ወደብ ደረሰና በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተመደበ። ትእዛዙ በእንግሊዝኛ፣ ያውም ለትእዛዝ ሰጪውና ለተቀባዩ አንድ ቋንቋ ባልሆነበት ጦር ውስጥ ነበር የሚወርደው።

የበረራው ዓለም ትምህርቱን በብዙ ሰው ሕይወት ገዝቷል። ከአቪያንካው አደጋ 13 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በማርች 1977፣ በቴኔሪፌ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲሞቱ፣ የሆላንዱ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ «ዊ አር ናው አት ቴክ ኦፍ» ብሎ ነበር። እየተነሣን ነው ማለቱ ነበር፤ ተቆጣጣሪው ግን ለመነሣት ተዘጋጅተን ቆመናል የሚል መስሎት «ኦኬ» ብሎ መለሰ። ከዚያ ወዲህ በበረራ ሬዲዮ «ቴክ ኦፍ» የሚለው ቃል አውሮፕላኑ እንዲነሣ ሲፈቀድ ወይም ፈቃዱ ሲሰረዝ ካልሆነ አይነገርም፤ ከዚያ በፊት «ዲፓርቸር» ነው የሚባለው። የአቪያንካውን አብራሪ ሊያድነው ይችል የነበረው «ሜይዴይ»ም ከፈረንሳይኛው ርዱኝ የመጣ ሲሆን፣ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ የሚነገረው በማንም ጆሮ ሌላ ትርጉም እንዳይይዝ ነው።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከማርች 2008 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው የቋንቋ መመዘኛ ለዚህ ዲስኩር ትልቁ ማስረጃ ነው። መለኪያው ስድስት ደረጃ አለው። ዓለም አቀፍ በረራ ለሚያበር አብራሪና ለተቆጣጣሪው የተወሰነው ዝቅተኛ ደረጃ 4ኛው ነው፤ በየሦስት ዓመቱም ይታደሳል። በቃላት ረገድ 4ኛው ደረጃ ፈሊጥ አይጠይቅም። የሚጠይቀው፣ ያልተለመደ ነገር ሲገጥምና ትክክለኛው ቃል ሲጠፋ ሐሳቡን በሌላ አነጋገር ማስረዳት መቻልን ነው። ፈሊጥ አልፎ አልፎ የሚታየው 5ኛው ላይ፣ በሙላት የሚመጣው 6ኛው ላይ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ሕይወት የያዘ ሙያ ፈሊጥን ከመግቢያው በር ላይ አላስቀመጠም፤ ቃል ሲጠፋ ዞሮ ማስረዳትን ነው ያስቀመጠው። የጥገና መመሪያዎቹም እንዲሁ ናቸው። የአውሮፕላን ኢንዱስትሪው የሚጠቀምበት ቀለል ያለ ቴክኒካዊ እንግሊዝኛ ለአንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ይፈቅዳል፤ «ክሎዝ» መዝጋት ነው እንጂ ቅርብ አይደለም፤ የሥራ ትእዛዝ የያዘ ዓረፍተ ነገርም ከ20 ቃል አይበልጥም። እ.ኤ.አ. በ1945 ከአሜሪካው ቲ ደብሊው ኤ ጋር ተዋውሎ የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጅምሩ በአሜሪካውያን አብራሪዎችና ቴክኒሻኖች ነበር፤ ሥራውን ኢትዮጵያውያን የተረከቡት በዚሁ ቋንቋ ተምረው ነው።

ከአውሮፕላኑ ወርዶ ወደ ሆስፒታል ለሚገባ ሰው ጉዳዩ ይበልጥ ይቀርባል። በዋሽንግተንና አካባቢው፣ በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች፣ በነርስነትና በአረጋውያን እንክብካቤ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። የሕክምናውን ቃል ያውቁታል፤ ለፈተና አጥንተውታል። የሚያስቸግራቸው የታካሚው ቋንቋ ነው። አሮጊቷ «አይ ፊል አንደር ዘ ዌዘር» ካሉ ስለ አየሩ አልተናገሩም፤ አሞኛል ማለታቸው ነው። «ሺ ፓስድ አውት» ከተባለ ሴትዮዋ ራሷን ስታለች፤ «ሺ ፓስድ አዌይ» ከተባለ ሞታለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዲት ትንሽ ቃል ናት፤ በስልክ ለቤተሰብ የሚነግር ሰው ቢሳሳት ጉዳቱን መገመት አይከብድም። ለዚህ ነው ማንኛውም የፈሊጥ ዝርዝር ከመያዙ በፊት እነዚህን ከግስ ጋር የተጣበቁ ትንንሽ ቃላት ማጥናት የሚገባው፦ «ፓስ አውት» ራስን መሳት፣ «ስሮው አፕ» ማስታወክ፣ «ካም ቱ» ራስን ስቶ መንቃት፣ «ፑት ኦፍ» ማዘግየት፣ «ፎል ስሩ» ሳይሳካ መቅረት። ለጌጥ አይመቹም፤ ቀኑን ሙሉ የሚሰሙት ግን እነሱ ናቸው።

እዚያው ሆስፒታል ውስጥ በፈረቃ ርክክብ ጊዜ ነርሶች የሚከተሉት «ኤስባር» የተባለ ሥርዓት አለ። መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ነው። አሁን ምን ሆነ፣ ከዚህ በፊት ምን ነበር፣ እኔ ምን ይመስለኛል፣ ምን ይደረግ፤ በዚህ ቅደም ተከተል፣ በግልጽ ቃል። ከሌላ አገር የመጣችው ነርስ እዚህ ላይ ከተወላጇ አታንስም፤ ሥርዓቱን ካወቀች አጭርና ቀጥተኛ መናገሯ ብልጫ ይሆንላታል።

ለሥራ እንግሊዝኛውን ማሻሻል የሚፈልግ ሰው እንግዲህ ከየት ይጀምር? አፍ ላይ መጀመሪያ መግባት ያለባቸው የመጠየቂያ አነጋገሮች ናቸው። «ሶሪ፣ ዋት ዱ ዩ ሚን ባይ ዛት?»፣ «ጀስት ቱ ሜክ ሹር አይ አንደርስታንድ»፣ «ኩድ ዩ ጊቭ ሚ አን ኤግዛምፕል?»። ይሉኝታ ያለበት ሰው እነዚህን ለመናገር ይከብደዋል። ትልቅ ሰው ሲናገር ማቋረጥ ነውር ሆኖ ያደገ፣ ያልገባውን «እሺ» ብሎ ማለፍ የለመደ ብዙ ነው፤ ያ አክብሮት ነው እንጂ ስንፍና አይደለም። ነገር ግን በእንግሊዝኛ የሚሠራ ቢሮ ውስጥ «የስ» ብሎ ሥራውን ያበላሸ ሰው እንጂ የጠየቀ ሰው አይወቀስም። የተሰማው አዲስ ፈሊጥ ከእነ ሙሉ ዓረፍተ ነገሩ ይጻፍ፤ ማን፣ ለማን፣ በምን ሰዓት እንደተናገረውም ከጎኑ ይያዝ። ከአንድ ሰው ብቻ የተሰማ የሰውየው ጠባይ ሊሆን ይችላል። ከብዙ ሰው፣ ከአለቃም ከበታችም አፍ ሲሰማ ያኔ ወደ ራስ አፍ ቢገባ አያሳፍርም።

ኢትዮጵያዊ ሠራተኛን የሚመለከት አንድ ልዩ ጉዳይም አለ፤ የሰዓቱ። «ሚት አት ስሪ» የተባለ የዙም ስብሰባ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ነው እንጂ ጠዋት 3 ሰዓት አይደለም። ኒው ዮርክ ያለ አለቃ ሥራውን «ባይ ክሎዝ ኦፍ ቢዝነስ» ላክልኝ ካለ የሥራ ቀኑ ሲያልቅ ማለቱ ነው፤ የማን የሥራ ቀን የሚለው ግን ካልተጠየቀ አይታወቅም። የእርሱ ከሆነ፣ በእነርሱ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 5 ሰዓት፣ አዲስ አበባ ላይ በበጋቸው ሌሊት 6 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ ሌሊት 7 ሰዓት ይሆናል። ከስብሰባው በኋላ በሦስት መስመር ኢሜይል ማን ምን እንደሚሠራ፣ በየትኛው ቀንና በየትኛው ከተማ ሰዓት እንደሚያስረክብ ጽፎ «ፕሊዝ ኮንፈርም» ብሎ መላክ ሁለቱንም ወገን ከሳምንት ጭቅጭቅ ያድናል።